ቬርና የበሳችው ወረቀት

ቬርና ታንስታድ ወደ ጥይት ሥራ የገባችው ጠመንጃ ወድዳ አልነበረም። የባሏ ዓይን ነው ያስገባት።

ባሏ ሎይድ በሞንታና ተራሮች መሐል በተወሸቀች ትንሽ ከተማ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ መጋዝ ጆሮው ላይ ሲጮህ ይውልና ቤቱ ገብቶ ራቱን እንደበላ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። እዚያ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን፣ በገዛ እጁ የሠራት ጠረጴዛ አለችው። ጠረጴዛዋ ላይ ረጅም እጀታ ያለው መጭመቂያ ታስሯል፤ የባሩድ ሚዛን አለ፤ በየቆርቆሮው የተተኮሰ ቀለሃ ሞልቷል። ቀለሃውን ያጥባል፣ አፉን ያስተካክላል፣ ከቂጡ አዲስ እሳት ጫሪ ያስገባል፣ ባሩዱን ለክቶ ይሞላና አረሩን ከላይ ይተክልበታል። በዚያ ሸለቆ ጥይቱን ራሱ የማይሠራ ወንድ ጥቂት ነው። ከሱቅ የታሸገ የሚገዛ ሰው ቤቱ ምግብ እንደማይበስልለት ሰው ይታዘንለታል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንዶቹ ሎይድ ጓሮ ይሰበሰባሉ። ጓሮው የሚያልቅበት ላይ ኮረብታው ይጀምራል፤ ሎይድ ከሥሩ በትራክተር አፈር ገፍቶ ግድግዳ የሚያህል ክምር ሠርቷል። እዚያ ላይ የኢላማ ወረቀት ይለጠፋል። ከቤቱ በኩል ካለችው አግዳሚ ሆነው በየተራ ይተኩሳሉ፣ ይበሻሸቃሉ፣ ማን ቀዳዳዎቹን ይበልጥ እንዳቀራረበ እየለኩ ይከራከራሉ።

አንድ የበረዶ ወራት የሚዛኑ መርፌ ለሎይድ አልታይ አለው። ቬርና ልብስ ልታጥብ ስትወርድ ዓይኑን አጥብቦ ሚዛኑ ላይ ተደፍቶ አገኘችው።

«ነይ እስቲ አንዴ» አላት። «ይቺ መርፌ መሐሉ ላይ ናት?»

«ትንሽ ከፍ ብላለች።»

«እንግዲያው ቀንሺላት።»

ቀነሰችላት። በዚያው ቀረች። መጀመሪያ ሚዛን ማየት ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ባሩድ መሙላት፤ ከዚያ አረር መትከል። ብዙም ሳይቆይ ሎይድ ወንበሩን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጎ የመሰንጠቂያውን አለቃ ሲያማ፣ እሷ ሁሉንም ትሠራ ጀመር። እውነቱን ለመናገር እነዚያ ምሽቶች የትዳራቸው ደህና ምሽቶች ነበሩ። ሎይድ ሌላ ቦታ ብዙ የማያወራ ሰው ነው፤ እዚያ ግን ያወራል፣ ያስቃታልም። ትንሹ ልጃቸው ከርት ደረጃው ላይ ተቀምጦ በቀለሃ ይጫወታል።

ጥይቶቹ ስም አወጡ። «የሎይድ ጥይት» ተባሉ። የከተማዋ የተኩስ ክበብ ሊቀ መንበር ድዋይት ኬስለር፣ በየቤቱ የማብሰያ ጋዝ የሚያዳርስ ድምፀ ጎርናና ሰው፣ አንድ እሁድ ከአግዳሚዋ ብድግ ብሎ ጮኸ።

«አንተ ሰውዬ፣ እስቲ እውነቱን ተናገር፤ ምንድነው የምትጨምርበት? ውስኪ ነው?»

«ትዕግሥት ነው ወንድሜ። አንተ ጋ የሌለ ነገር» አለው ሎይድ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቬርና የሎሚ ጭማቂ የሞላ ማሰሮ ይዛ እየመጣች ነበር፤ እሷም ሳቀች። ምን ቸገራት? ባሏ ሲመሰገን ደስ ይላታል።

በኋላ ግን የሠራችው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አማራት። አንድ ቀን «እስቲ እኔም ልሞክር» ስትለው ሎይድ ከልቡ ሳቀ። «ሰደፉ ትከሻሽን ነቅሎ ጎረቤት ጓሮ ይጥለዋል» አላት። እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችም። እሱ መሰንጠቂያው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ከባዱን ጠመንጃ ከቁም ሣጥኑ አውጥታ፣ የአሸዋ ከረጢቶቹን አግዳሚዋ ላይ ደርድራ ብቻዋን ተማረች። ትከሻዋ ጠቆረ፤ ሎይድን «ማሰሮ ሳወርድ ነው» አለችው። መጀመሪያ አካባቢ ወረቀቱን ስታ ኮረብታውን ትመታ ነበር። ቀስ በቀስ ትንፋሿን ግማሹን አውጥታ ግማሹን መያዝ፣ ቃታውን ሳይሆን ጊዜውን መጠበቅ፣ ጠመንጃው በራሱ ፈቃድ የሄደ እስኪመስል ጣቷን ማክበድ ለመደች። ያን ጊዜ ወጥ ቤቱም፣ የሚሰፋው ካልሲም፣ የእናቷ ሕመምም ከራሷ ይወጣል። በሕይወቷ ማንም ሳያዛት የጀመረችው ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

በመስከረም አንድ ቀን፣ ሣሩ ሁሉ ጸጥ ባለበት ከሰዓት፣ አምስት ጥይት ተኮሰች። በጠመንጃው መነጽር ስታይ የሚታያት አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሳትኩ ብላ ልቧ ወደቀ። ሄዳ ወረቀቱን ስትነቅለው ግን አምስቱም በዚያችው ገብተዋል፤ ዳሯ ትንሽ የተቀደደ፣ አሥር ሳንቲም ቢቀመጥባት የምትሸፈን ቀዳዳ። እዚያው ክምሩ ሥር ቆማ እንደ ሕፃን ብቻዋን ሳቀች። ጥይቱም የእሷ፣ ተኩሱም የእሷ። ለሎይድ ልታሳየው ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ከሳህኑ አጠገብ አኖረችው። እንዴት እንደምትነግረውም ሥጋውን እየከተፈች ተለማመደች።

ሎይድ ሲመጣ ድዋይት አብሮት ነበር፤ መሰላል ሊዋስ ነው የመጣው። ገና ከበሩ ሲገባ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ወደቀ። አነሣው፣ ወደ መብራቱ አስጠጋው፣ ጣቱን በቀዳዳዋ አዞረ።

«ሎይድ! በስመ አብ! ይኼን አንተ ነህ የተኮስከው?»

ቬርና ማንኪያውን እንደያዘች ዞረች። ሎይድ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ። ያን ጊዜ ገብቶታል፤ ፊቱ ላይ አይታዋለች።

«ነፋስ አልነበረም» አለ ሎይድ።

አዎ አላለም፣ አይደለምም አላለም። ድዋይት ጀርባውን በመዳፉ አላጋው፤ በክበቡ ታሪክ እንዲህ ያለ ታይቶ አያውቅም አለ፤ ወረቀቱን ለሰዎቹ ላሳያቸው ብሎ ከመሰላሉ ጋር ይዞት ሄደ።

በሩ እንደተዘጋ ቬርና «ሎይድ» አለችው።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ነገ እነግረዋለሁ።»

«አሁን ለምን አልነገርከውም?»

«ምን ልበለው? ሚስቴ ናት ብዬ ልዋረድ? አፋቸውን አታውቂውም? ነገ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ አልኩሽ እኮ። ራቱ ይቅረብ።»

ነገ መጣ፣ ሄደም። በሚቀጥለው እሁድ ድዋይት ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ፣ «ሎይድ ታንስታድ» ብሎ ከሥሩ ጽፎ፣ የክበቡ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሎይድ ሲያጨበጭቡለት ጎንበስ አለ። ጆሮው ቀልቶ ነበር፤ ሰዎቹ ትሕትና መሰላቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የቬርና እውነት ግን እያደር ደፈረሰ። በመጀመሪያው ዓመት ሎይድ ወሬው ሲነሣ ርዕስ ይለውጥ ነበር። በሁለተኛው ፈገግ ማለት ጀመረ። ቆይቶ ደግሞ ራሱ ይተርከው ጀመር፤ ያውም በእሷ ቃል። ድዋይት ወረቀቱን በወሰደበት ማታ እያለቀሰች «እንዴት እንደነበረ እንኳ ሳትጠይቀኝ!» ስትለው፣ ይቅር እንድትለው ብሎ እንዴት እንደነበረ ጠይቋት፣ እሷም ሁሉንም ነግራው ነበር። አሁን ለእንግዳ ሲያወራ «ትንፋሼን ግማሹን አውጥቼ ግማሹን ያዝኩ፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ ሳይ ሳትኩ ብዬ ልቤ ወደቀ» ይላል።

አንድ የምስጋና በዓል ገበታ ላይ አልቻለችም።

«ያን ቀን እኮ አንተ መሰንጠቂያው ነበርክ» አለች፣ የተፈጨውን ድንች እያቀበለች።

ሎይድ ለአፍታ ደነገጠ። ቀጥሎ ሹካውን ወደ እሷ ቀስሮ ሳቀ። «አያችሁልኝ? የገዛ ሚስቴ እንኳ ትቀናብኛለች!»

ገበታው በሳቅ ተናወጠ። ከሁሉ አስበልጦ የሳቀው ልጇ ከርት ነበር፤ ከርት አባቱን እንደ ተራራ የሚያይ ልጅ ነው። ቬርና የልጇን ሳቅ አየችና ጎንበስ ብላ ሥጋዋን ቆረጠች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ጠመንጃ አልነካችም።

ጥይቱን ግን መሥራት አላቆመችም። ለምን እንደሆነ ራሷንም ጠይቃለች። ሎይድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እናቷ ስትታመም በረዶውን እየጠረገ ወስዶ የመለሳት፣ ስትሞት አጠገቧ የተቀመጠ እሱ ነው። ምድር ቤቱንም ከተወችው የሚነጋገሩበት ቦታ አይኖርም። ደግሞ እሱም ቢሆን በዚያች ወረቀት ታስሯል። ሰዎቹ «እስቲ ድገማት!» ሲሉት ትከሻዬን አመመኝ ማለት አበዛ፤ በመጨረሻ በገዛ ጓሮው ቆሞ የሌላውን ተኩስ የሚመለከት ሰው ሆነ። ከእሷ የወሰደው ነገር እሱንም አልጠቀመው። ይኼ ግን አላጽናናትም።

ሎይድ ካረጀ በኋላ ሳንባው ከዳው። ሳሎን ውስጥ አልጋ ዘረጉለት፤ አእምሮው ግን እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነበር። ቬርና ጠበቀች። ሰው ሊሞት ሲል ዕዳውን ያወርዳል ብላ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰችው ጠበቀች። እሱ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ፣ ስለ መኪናው ዘይት ብቻ ያወራል። በመጨረሻ እሷው ጠየቀችው።

«ሎይድ፣ ማንም የለም፤ እኔና አንተ ብቻ ነን። ያችን ወረቀት ማን ነው የተኮሳት?»

ሎይድ ግራ ተጋብቶ አያት። ዓይኑ ውስጥ ተንኮል ፈለገች፤ እፍረት ፈለገች፤ ምንም አላገኘችም።

«እኔ ነኛ» አለ። «ምን ነካሽ ቬርና? አንቺ እኮ ሥጋ እየከተፍሽ ነበር።»

ሳህኑን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ውኃውን ከፍታ ብዙ ቆመች። ቢዋሽ ይሻላት ነበር። የሚዋሽ ሰው ቢያንስ እውነቱን የሆነ ቦታ ደብቆ ያስቀምጠዋል። ሎይድ ጋ ግን አልነበረም፤ ከዚህ ወዲያ በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው።

የቀብሩ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የአሳማ ሥጋው፣ አይብ የተጋገረበት ድንች፣ ጄሎ የሚሉት ባለ ቀለም ጣፋጭ ተደርድሯል። ድዋይት ባለ መስታወቱን ወረቀት ከአዳራሹ አምጥቶ ከሎይድ ፎቶግራፍ አጠገብ አቁሞታል። ሰውም እየመጣ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ድዋይት ታሪኩን ተርኮ ሲጨርስ ቬርና ከወንበሯ ተነሣች።

«እኔ ነኝ የተኮስኩት» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ጥይቶቹንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም።»

ሴቶቹ ጎንበስ አሉ። ድዋይት መጣ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«አውቃለሁ ቬርና» አላት። «አውቃለሁ። ሁለታችሁ አንድ ሰው ነበራችሁ።»

«ድዋይት፣ የምለው አልገባህም...»

«ገብቶኛል የኔ እህት። ገብቶኛል።»

ከርት ካፖርቷን ይዞ መጣ። «እማ፣ ስንት ቀን አልተኛሽም። ነይ ቤት ልውሰድሽ።»

በሳምንቱ ስትተኩስ እንዲያያት ከርትን ጠርታ ጓሮ አወጣችው። የአሸዋ ከረጢቶቹን ራሷ ደረደረች፤ እሱም ወረቀቱን ለጥፎላት መጣ። ዕድሜዋ ከሰባ አልፏል፤ አንድ ዓይኗ ሞራ ጀምሮታል። አግዳሚዋ ላይ ስትቀመጥ አካሏ ሁሉን አስታወሰ፤ ትንፋሹን፣ የጣቱን መክበድ። ኢላማው ግን በመነጽሩ ውስጥ ወተት ላይ እንደወደቀ ዝንብ ይዋኛል። አምስቱን ተኮሰች። ከርት ሄዶ ወረቀቱን አመጣላት። ቀዳዳዎቹ እንደተበተነ ጥራጥሬ እዚህም እዚያም ናቸው፤ አንዱ ጭራሽ ወረቀቱን ስቷል።

ከርት ትከሻዋን አቀፋት። «ጎበዝ ነሽ እማ። በዚህ ዕድሜ ማን እንዲህ ይተኩሳል?» አላት ከልቡ።

ከሁሉ ያ መረራት። ቢያፌዝባት መልስ አታጣም ነበር።

በፀደይ ድዋይት ደወለ። ክበቡ በሎይድ ስም ዓመታዊ ውድድር ሊጀምር ነው፤ «ከሎይድ ጥይት የተረፈ ካለ መክፈቻው ላይ እንተኩሰዋለን» አላት።

«ሎይድ የሠራው ጥይት እዚህ ቤት የለም» አለችው።

«አንድም?»

«አንድም።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ምድር ቤት ወረደች። መደርደሪያው ላይ ሣጥን በሣጥን ተደራርቧል። አረር መንቀያውን መዶሻ አነሣችና ጥይቶቹን አንድ በአንድ ባዶ ራሱ ውስጥ እየከተተች፣ መዶሻውን በሲሚንቶው ወለል ላይ እየመታች አፈረሰቻቸው። አረሩን ለብቻው፣ ቀለሃውን ለብቻው፤ ባሩዱን ባልዲ ውስጥ። ብዙ ቀን ፈጀባት፤ አልቸኮለችም። ሲያልቅ ባልዲውን አውጥታ ሽንኩርት ልትተክልበት ባሰበችው መደብ ላይ በተነችው፤ ባሩድ ለአፈር ማዳበሪያ ይሆናል ይላሉ። መጭመቂያውን ከርት ለአንድ ወጣት ባልና ሚስት ሸጠው። ሊወስዱ ሲመጡ ባልየው ብቻ ነው ማሽኑን ሲጠይቅና ሲነካካ የነበረው፤ ሚስትየዋ በሩ ላይ ሕፃን ታቅፋ ቆማ ነበር። ቬርና የሆነ ነገር ልትላት አፏን ከፈተች፤ የምትለው ግን አልመጣላትም።

ውድድሩ በየዓመቱ ይደረጋል። ድዋይት መክፈቻው ላይ ሎይድ የጥይቱን ምሥጢር ይዞት መቃብር ወረደ ይላል፤ ሰውም ባርኔጣውን ያወልቃል። ቬርናን የድንች ሰላጣ እንድታመጣ ይጠይቋታል። የመጀመሪያውን ዓመት እምቢ አለች። በሁለተኛው ከርት ለመናት፤ ሠርታ በእሱ እጅ ላከች።