ሶረቲና ሦስቱ ባለምልክቶች

የሶረቲ እጆች እስከ ክርናቸው ጭቃ ውስጥ ናቸው። ከማሳዋ ታጥበው ሜዳው ላይ የተበተኑትን ድንቾች እየለቀመች በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች፤ ደህናውን ወደ ቅርጫት፣ የተሰነጠቀውን ወደ በጎቹ። ጊዜው የ1995 ክረምት ነው፤ እኔ ጎጆ በምትባለው ከተማችን ጎረቤቷ ነኝ። በአጥሯ ሥር የሚያልፈው አዲሱ የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ የዘር ድንቿን ይዞባት ሄዷል። ለጥቅምት የምትተክለው የላትም፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ድንች ነው።

ቧንቧውን የሰጡን ሦስት ናቸው። አንድ የውጭ መንግሥት ከፈለ፣ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነደፈ፣ አንድ የሌላ አገር በጎ አድራጎት ድርጅት ቆፈረ። ሶረቲ ጎረቤታችንን መምህር ቀነዓን ይዛ ለሦስቱም ለየብቻ ደብዳቤ አስጻፈችላቸው። ከፋዩ ጥፋቱ የንድፉ ነው አለ፤ ነዳፊው የቁፋሮው ነው አለ፤ ቆፋሪው እንደታዘዝኩ ቆፈርኩ አለ። ሦስቱም መልስ ትሕትና የሞላበት ነበር፤ ወረቀቱም ወፍራም።

በእኛ ዘንድ የብዙ ሰው ከብት አንድ ማሳ ከረገጠ የማን ኮቴ ነው አይባልም። ባለቤቶቹ ማሳው ላይ ተቀምጠው አብረው ይክሳሉ፤ በድርሻቸው ኋላ እርስ በርስ ይነታረኩ። ሶረቲ የፕሮጀክቱን ሰሌዳ አየች፤ የሦስቱ ሰጪዎች ምልክት ተስሎበታል። ከብት ላይ እንደሚተኮስ ምልክት ቆጠረችውና ሦስቱንም ባለቤቶች በአንድ ደብዳቤ ሐሙስ ማሳዋ ላይ እንዲቀመጡ ጠራች።

አይመጡም ብዬ ነበር፤ መጡ። ለካ እያንዳንዱ፣ እኔ ከቀረሁ ሁለቱ በእኔ ያሳብባሉ ብሎ ፈርቷል። የአንዱ መኪና ጭቃ ያዘው፤ ሊጎትተው የመጣውም ተያዘ፤ ሦስተኛው ሁለቱን ሲጎትት ሰመጠ። የከተማው ሰው ገፍቶ አወጣቸው። ሦስቱም ጭቃ ለብሰው ሲደርሱ የትኛው መኪና የማን እንደሆነ መለየት አቃተን፤ እኔማ በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ።

ሽማግሌው ኦቦ ሞቱማ ድንጋይ ላይ አስቀመጧቸው። አብራቸው የመጣች አንዲት ወጣት የውጭ አገር ሕግ አዋቂ በአስተርጓሚ ተናገረች፦

«ብዙዎች አብረው ያጠፉት ነገር በአገሮች መካከል ባለው ሕግም ከባድ ነው። ሊቃውንቱ ስንት ዓመት ተከራክረው አልጨረሱም።»

ኦቦ ሞቱማ አዘኑላት።

«አይዞሽ ልጄ፤ እኛ ከምሳ በፊት እንጨርሰዋለን።»

ልጅቷ እስክታነባ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጨረሱም። ሦስቱ አብረው ዘሩን ሊተኩ፣ ቧንቧውን ሊጠግኑ፣ ማፋሰሻ ቦይ ሊያስቆፍሩ ተስማሙ። በድርሻ ድርሻቸው ግን መኪናቸው እስኪደርሱ ሲጨቃጨቁ ሰማናቸው።

ዘሩ በመስከረም መጨረሻ ደረሰ። አብሮት አንድ ወረቀት መጣ፤ የሰጠነው በቸርነት እንጂ በኃላፊነት አይደለም ይላል፤ ፈርማም ከአምቦ ፖስታ ቤት እንድትልከው ይጠይቃል። ሶረቲ ሁለት ጊዜ አስነበበችው።

«መጀመሪያ ዘሬን ልትከል» አለች።

ተከለች። ከዚያ መኮትኮት መጣ፣ ከዚያ መቆፈር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ተከላ። አሥር ዓመት አለፈ፤ አምቦም ስንት ጊዜ ድንች ይዛ ወርዳለች። ፖስታ ቤት ግን አልደረሰችም።