ፀሐይ ያላገኛቸው ብልቃጦች

ዛሬ ሹፌሩ ጋሽ ሰዒድ ብልቃጦቹን መለሱልኝ። ስነካቸው በረዶ ናቸው።

ክው አልኩ። መጋል ነበረባቸው!

እዚህ ሀርጌሳ፣ በትንሿ ቤተ ሙከራችን፣ መድኃኒት የሚሸከሙ በዓይን የማይታዩ የስብ ቅንጣቶች እንሠራለን። ሰም የሚመስል ፋቲ አልኮሆል የሚባል ነገር እንጨምርባቸዋለን። (ስሙን አይታችሁ አስተግፊሩላህ እንዳትሉ፣ አያሰክርም።)

የትኛው ዓይነት ቅንጣት ሙቀት እንደሚቋቋም ለማወቅ፣ ከበርበራ ሲሚንቶ ለሚያመላልሱት ለጋሽ ሰዒድ በብልቃጥ አድርጌ ሰጠኋቸው። "የመኪናው መስታወት ሥር፣ ፀሐይ ላይ ያስቀምጧቸው" ብያቸው ነበር።

እሳቸው ግን መንገዱን ሙሉ ከሚጠጡት ውሃ ጋር በረዶ ውስጥ ይዘዋቸው መጡ።

"ምነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ የፋጡማን ኢንሱሊን ፀሐይ ያበላሸብኝ እዚሁ መንገድ ላይ ነው። እያወቅኩ ሌላ መድኃኒት ፀሐይ ላይ ላስቀምጥ?"

ፋጡማ ባለቤታቸው ነበረች። አላህ ይዘንላት።

ሙከራው ከንቱ ቀርቷል። አልነገርኳቸውም። "ጀዛከላህ፣ ጋሼ" ብዬ ተቀበልኳቸው።

ነገ እንደ አዲስ እጀምራለሁ፤ ለሌላ ሹፌር እሰጣለሁ። ለማን እንደምሠራ ግን ዛሬ በስም አወቅኩ።

እናንተስ፣ መድኃኒት ይዛችሁ ሙቀት የቀደማችሁ አላችሁ? ለማን ነበር የያዛችሁት?