በእንቅልፍ የተገራው ዳማ

በሽንፋ ገበያ የሚወራው እንዲህ ነው። አዛናው የሚባለው ሰውዬ ዳማ ፈረሱን የገራው ተኝቶ ነው። ይወጣበታል፣ ያንኮራፋል፣ ፈረሱም በሕልሙ ወዳየው ቦታ ያደርሰዋል። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሽንፋ ዓይኑን ከድኖ፣ ገለጉ ሚስቱ ደጃፍ ላይ ገለጠ ይላሉ። ሁለት ቀን ተኩል የሚያስኬደውን መንገድ።

ወሬው ያምራል፤ ለማመን ግን ያስቸግራል። አዛናው ሲያንኮራፋ የጋላባት አህዮች ከድንበር ማዶ መልስ ይሰጡታል። ያንን ድምፅ ጀርባው ላይ ተሸክሞ የሚቆም ፈረስ ገና አልተፈጠረም። ደግሞስ ሕልም ሰው የሚያደርስ ቢሆን ባለሱቁ ኸሊፋ እስካሁን ሰባት ጊዜ መካ ደርሶ በተመለሰ ነበር።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ነው፤ ጣሊያን መተማ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጦርነቱ ሲቃረብ አዛናው እርጉዝ ሚስቱን አገኘሽን ገለጉ ወዳለችው እናቷ ላካት። «ተከትዬሽ እመጣለሁ» ብሏት ነበር። በሳምንቱ የጎጆውን ክዳን ሲጠግን ወደቀና ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፣ አሰረው፤ እግሩ ግን ከጎረቤት የተዋሰው ይመስል ከዚያ ወዲያ አልታዘዘውም። ሴት ልጅ መወለዷን ከመንገደኛ ሰማ። አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ አባቷ ግን መልኳን አያውቅም።

በእግሩ እንዳይሄድ እግሩ የለም። በአህያ እንዳይሄድ ቁመቱ አስቸገረ፤ ሲቀመጥባት እግሮቹ መሬት ስለሚነኩ፣ አህያዪቱ ስድስት እግር ያወጣች እየመሰላት ግራ ይገባታል። በቅሎዎቹን የጣሊያን ጦር ለጭነት ወስዷቸዋል። የቀረው፣ የሞተችው ባዝራው የተወችለት የሦስት ዓመት ዳማ ነው፤ እሱም ሰው ወጥቶበት አያውቅም።

በዚያ ላይ አዋጅ ወጣ፤ ለኮርቻ የደረሰ ፈረስ ሁሉ ለጦሩ ይሰጥ። ያልተገራው ለባለቤቱ ይቀራል፣ መግሪያ ጊዜ የለንማ ተባለ። ስለዚህ አዛናው ዳማውን ሰው ሳያይ መግራት፣ ወንዞቹም ሳይሞሉ መንገድ መጀመር አለበት። ክረምት ከገባ እስከ ጥቅምት መሻገሪያ የለም።

ሰው የማያይበት ሰዓት አንድ ብቻ ነበር። ጣሊያኖቹ ከምሳ በኋላ ይተኛሉ። በዚያ ሰዓት የቆላው ፀሐይ ጥላን እንኳ ሰው መከተል አስትቶ እግር ሥር ያስተኛዋል። አዛናው ዳማውን እየሳበ ወደ ደረቀው የወንዝ አሸዋ ይወርዳል፤ አሸዋው የፈረሱን እግር ስለሚውጠው እዘላለሁ ቢል ይደክማል እንጂ አይዘልም። መጀመሪያ በገመድ አዞረው። ቀጥሎ ልጓሙን ማር ቀብቶ አጎረሰው። ከዚያ ግማሽ ጆንያ ማሽላ ጫነበት። ዳማው ሦስት ቀን ሙሉ አንገቱን እየቆለመመ ጆንያውን ሲያሸት ሰነበተ። በሁለተኛው ሳምንት ጆንያው ወረደ፣ አዛናው ወጣ።

ስሕተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ ለስላሳ ነው፣ አሸዋው ከኮቴው ሥር ሹክ ይላል፣ የፈረሱ ጀርባም እንደ ሕፃን አልጋ ይወዛወዛል። የአዛናው አገጭ ቀስ ብሎ ደረቱ ላይ ያርፋል። ያኔ ደረቁ ወንዝ ይሞላል፤ ውሃው ግን አያርስም፣ ዳማው በላዩ ይራመዳል። ማዶ አገኘሽ የልጅቱን እጅ ይዛ ቆማለች። የልጅቱ ፊት ሊታይ ሲል የግራር ጥላ ይሸፍነዋል። ሲነቃ ዳማው እየተራመደ ነው፤ ግራሩም ከኋላ ቀርቷል። ጥቂት ቆይቶ አገጩ እንደገና ይወርዳል።

እንዲህ ሃያ ቀን ሆነው። በሃያ አንደኛው ኸሊፋን ጠርቶ፣ ሊያሳየው ወገቡን አቅንቶ ልጓሙን ሰበሰበ። ዳማው ወደ ሰማይ ወረወረው። ኸሊፋ እንደሚለው፣ አዛናው ተመልሶ እስኪወርድ ሱቁን ከፍቶ ስኳር መዝኖ መዝጋት ይቻል ነበር።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ የተገራው ይሄ ነው?» አለ አሸዋውን እያራገፈለት።

«ትናንት እንደ በግ ነበር።»

«ትናንት አንተ እንዴት ነበርክ?»

አዛናው አሰበ። «ትንሽ ጎበጥ ብዬ ነበር።»

«እስቲ አሁንም ጎበጥ በል።»

ወጣ፤ ትከሻውን ጣለ፣ አንገቱን ለቀቀ። ዳማው ውሃ ላይ እንዳለ ጀልባ ሄደ።

«አየህ፣ ቀና ያለ ሰው ጠላት ይመስለዋል» አለ ኸሊፋ። «ከጎበጠ ሰው በቀር ሌላ አላየማ።»

«ታዲያ ገለጉ ድረስ እንዲህ ጎብጬ ልሂድ?»

«የምትሄደው ሚስትህ ዘንድ አይደለም? እዚያ ቀና ብለህ ገብተህ ታውቃለህ?»

እንደገና ለመግራት ጊዜ አልነበረም፤ በምሥራቅ በኩል ደመናው መከመር ጀምሯል። በማግሥቱ ስንቁን ሲቋጥር አንድ የጣሊያን አሥር አለቃ ከአስተርጓሚው ጋር ደጁ ቆመ። የተገራ ፈረስ ደብቀሃል ተብለሃል አሉት።

«ያልተገራ ነው፣ ጌታው» አለ አዛናው። ዳማው ከሄደ ልጁን የሚያያት እሷ አድጋ ስትመጣ ነው።

አሥር አለቃው ዳማው ላይ የተጫነውን ኮርቻ አይቶ አላመነም። ጫማው ያብረቀርቃል፣ ጀርባው እንደ ባንዲራ እንጨት ቀጥ ብሏል። ዘሎ ኮርቻው ላይ ወጣ፤ ኮርቻው ግን አላቆየውም። በአጥሩ ላይ አልፎ ሳይራገፍ የከረመ የጎረቤት ሰሊጥ ነዶ ውስጥ በጭንቅላቱ ተተከለ። ሲያወጡት ሰሊጡ ከጆሮው እየረገፈ አንድ ነገር ተናገረ።

«በመስከረም ገርተህ አምጣው ይላል» አለ አስተርጓሚው፣ ሳቁን በመዳፉ እየያዘ።

አዛናው ከሰዓት በኋላ ወጣ። ሁለት ቀን ተኩል ትከሻውን እንደጣለ፣ በቀርቀሃውና በረጅሙ ሣር መካከል ተወዛወዘ። ኮረብታዎቹ መጥተው አለፉት፤ እሱ የሄደ አልመሰለውም። የመጨረሻውን ወንዝ ሲሻገር የመጀመሪያዋ ጠብታ አንገቱ ላይ አረፈች። ገለጉ፣ አጥር ሥር አንዲት ሕፃን ቆማ ፈረሱን ታያለች። ፊቷን አየው። ጆሮዋ የእሱ ነው። ለሴት ልጅ ትልቅ ነው፣ ግን የእሱ ነው። አገኘሽ ከቤት ወጥታ ልጓሙን ያዘችለት።

በጥቅምት ኸሊፋ ጨው ጭኖ ገለጉ መጣ፤ ከጨውም በላይ የሽንፋን ወሬ ጭኖ ነበር። አዛናውን ልጁን ታቅፎ አገኘው። ተኝቶ ገራው፣ ሕልሙ አደረሰው የተባለውን አንድ ሳያስቀር ነገረው።

«ውሸት ነው» አለ አዛናው። «ፈረሱን የገራሁት ነቅቼ ነው። ከሽንፋ እስከ ገለጉ ዓይኔን አልከደንኩም፤ ሕልምም አይቼ አላውቅም። የመጣሁትም በመንገዱ ነው።»