የሪስተን እናት ምልክት

በአውሮፓ ሰሜናዊ ጫፍ አጋዘን እያረባን ስለምንኖረው ስለ እኛ ስለ ሳሚዎች አመጣጥ የተጻፈውን ሁሉ እያሳደድሁ አነባለሁ። ቋንቋችን ከምሥራቅ፣ ከኡራል ተራሮች በኩል መጣ የሚሉ መጻሕፍት አሉ፤ ልክ ናቸው አይደሉም ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። በቤታችን የዘር ሐረግ የሚነበበው ግን በአጋዘን ጆሮ ላይ ነው። የከብቱ ባለቤት እንዲታወቅ ጆሮው በቢላዋ ይቆረጣል፤ ልጅ የወላጁን የጆሮ ምልክት ይወርሳል፤ የራሱን አንዲት ጭረት ብቻ ይጨምርበታል።

አክስቴ ሪስተን የወረሰችው የእናቷን ምልክት ነው። በልጅነቷ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወሰደች፤ እዚያም በገዛ ቋንቋዋ በተናገረች ቁጥር እራት ተከለከለች። አድጋ የባሕር ዳርቻ ሰው አገባች፤ በዓሣ ፋብሪካም ቆማ ስትሠራ ጠጉሯ ሸበተ። አጋዘኖቿን የሚጠብቅላት ታላቅ ወንድሟ ሃይካ ነበር፤ በየዓመቱም «ግልገልሽን ንስር ወሰደው» ይላታል። በመጨረሻ አንዲት እናት አጋዘን ብቻ ቀረቻት። እርሷም ምልክቱን የሚይዝ ግልገል ሳታስቀር ከሞተች፣ የእናቷ ምልክት ከምድር ይጠፋል።

ዘንድሮ የግልገሎች ጆሮ በሚቆረጥበት ቀን አክስቴ ሳትጠራ መጣች። እኔ አጥሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር። አጋዘኗ ግልገሏን አስከትላ በረቱን ስትዞር፣ ሃይካ ገመዱን ወርውሮ ግልገሉን አንገቱ ላይ ያዘውና የራሱን ምልክት ሊቆርጥበት ቢላዋውን መዘዘ።

«ተው! የኔ ነው!» ብላ ጮኸች አክስቴ። «የማንን አጋዘን እንደሚከተል አታይም?»

«ዓሣ አጣቢዋ መጣች!» አለ ሃይካ። በረቱ በሳቅ ሞላ። «ያ ምልክት እኮ አንቺ ስታገቢ አብሮሽ ሄዷል። ሂጂ፣ ዓሣሽን ቁረጪ!»

«ዓሣ ቢያንስ የእህቱን አይሰርቅም! ንስሩ አንተ ኖረሃል ለካ! ክንፍህን የት ደበቅኸው?»

በአጥሩ ሥር ሾልካ ገባች፤ ግልገሉን በጉልበቷ ተጭናም በራሷ ቢላዋ የእናቷን ምልክት ጆሮው ላይ ቆረጠች። ከንዴቷ የተነሣ ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር፤ እጇ ግን አልሳተም። ከዚያ የሚደማውን ጆሮ ወደ ወንድሟ አዞረች።

«በል፣ ቁረጥ! በእናታችን ምልክት ላይ ቁረጥና ሰው ሁሉ ይይህ!»

በሰው ምልክት ላይ ቢላዋ ማሳረፍ የሌባ ሥራ ነው፤ ይህን በረቱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሳቁ ቆመ። ሃይካ ፊቱ ቀላ፤ ገመዱን ለቀቀ።

«እሺ፣ ማን ሊጠብቅልሽ ነው?» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ። «እኔ እንደሆንሁ በቃኝ!»

«እኔ ራሴ!»

ወደ መኪናዋ ሄዳ ድንኳኗን ጎትታ አወጣች። ከሃይካ ድንኳን ደጃፍ ፊት ለፊት ካስማውን በመዶሻ ትመታ ጀመር፤ በእያንዳንዱም ምት አንድ ስድብ ትጨምርበት ነበር።