አባባ የሚመርጣቸው ፊልሞች

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ልጄ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ስልኳን እየነካካች፣ «እማ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ቤት ቁጭ ብለን የምናየው አሪፍ ፊልም ንገሪኝ እስቲ» አለችኝ። ከቴሌቪዥኑ ስር ያለው ሪሲቨር ከቀትር ጀምሮ ሲሠራ ስለዋለ ግሎ የተጠበሰ አቧራ የሚመስል፣ የልጅነት ቤቴን የቪዲዮ ዴክ የሚያስታውሰኝ ሽታ ያወጣ ነበር፤ ያ ሽታ ከጥያቄዋ ጋር ተደርቦ ሲመጣብኝ መልስ በመስጠት ፈንታ ብሽቅ አልኩ። ምስኪን ልጄ ምን እንደነካች አታውቅም። እኔ ያደግሁት ብዙ ሰው የማያውቀውን ፊልም እያየሁ ነው፤ ያውም ወድጄ አይደለም።

ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነበር፤ መንገዱ ወደ እንጦጦ ሽቅብ መጠማዘዝ ከሚጀምርበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ የባህር ዛፍ ቅጠልና የሰው ጫማ አንድ ላይ እየጠራረገ የሚወርድበት ሰፈር። አባባ የደን ባለሙያ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ፣ አብረውት የተማሩት ሰዎች ካፖርትና ፍሪጅ ይዘው ሲመጡ፣ እሱ የፊልም ፍቅር ይዞ መጣ። ከዓመታት በኋላ ለሥራ ወደዚያው ደርሶ ሲመለስ ደግሞ የቪዲዮ ዴክና አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ተሸክሞ ገባ። በመንደሩ ዴክ ያለው ቤት የእኛ ብቻ ነበርና ጎረቤቱ ሁሉ ደስ አለው፤ ደስታው ግን የቆየው ካሴቶቹ ውስጥ ምን እንዳለ እስኪታይ ድረስ ብቻ ነው።

ያኔ ቴሌቪዥን ማለት አንድ ጣቢያ ነው፤ እሱም ስለ ምርትና ስለ ስብሰባ ሲያወራ ያመሻል። ሰዓት እላፊ ስላለ ማንም ከሰፈሩ ርቆ አይሄድም። ቅዳሜ ሲመሽ ሰው ያለው አማራጭ ወይ ከገዛ ግድግዳው ጋር መፋጠጥ ወይ እኛ ቤት መምጣት ነበር። የሚመጣውም ሰው የሚመኘው ይታወቃል፤ ዘፈንና ለቅሶ ያለበት የህንድ ፊልም፣ እሱ ካልተገኘ ካራቴ። አባባ የሚመርጠው ግን ሁለት ሽማግሌዎች ጠረጴዛ ከበው ስለ አንድ የፖም ዛፍ ሲጨቃጨቁ የሚያመሹበትን፣ ወይም በረዶ በሸፈነው ባቡር ጣቢያ ሰዎች ባቡር ሲጠብቁ ቆይተው ባቡሩ ሳይመጣ የሚያልቀውን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የኅብረት ሱቅ ስኳር ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ «ዛሬ ማታ እንዳትቀሩ፤ እዚያው አገሩ እንኳ ብዙ ሰው ያላየው ፊልም አለ» እያለ ይቀሰቅሳል። ይህንን የሚናገረው እንደ ሙገሳ ነው። ጡረታ የወጡት ሾፌር ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ ግን ባርኔጣቸውን ወደኋላ ገፋ አድርገው፣ «እነሱ ያላዩት ምክንያት ይኖራቸዋል እኮ» ይሉት ነበር። ያም ሆኖ ሲመሽ ቀድመው የሚመጡት እሳቸው ናቸው።

እማዬ መሥሪያ ቤት ታይፕ ስትመታ የዋለችበት ጣቷ እያመማት፣ ወንበር ከየክፍሉ እየሰበሰበች ትነጫነጫለች። «አንተ ሰውዬ፣ ምናለ ሰው የሚያውቀውን ብታመጣ?»

«ሰው የሚያውቀውንማ ያውቀዋል» ይላል አባባ፣ ቴሌቪዥኑ የለበሰውን ዳንቴል በክብር እያነሳ።

ፊልሞቹ በመስኮብኛ ስለሆኑ አስተርጓሚው እሱ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይተረጉማል። ትርጉሙ ደግሞ ለብቻው ያበሽቃል። ባልና ሚስት ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሲነታረኩ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «አልተስማሙም» ይላል። አንዱ ሽማግሌ «አዎ» የሚል የምትመስል አንዲት ቃል ሲተነፍስ ግን ስለ ሰውየው አያት፣ ስለ መንደሩ፣ ስለዚያ አገር የበርች ዛፍ ጠባይ ይተነትንልናል፤ ያ ሁሉ ሲሆን ፊልሙ ጥሎን ሄዷል። እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የክፍሌ ልጆች ሰኞ ጠዋት የህንዱን አክተር ዳንስ እየሠሩ ሲያሳዩ፣ እኔ የማሳየው ባቡር የሚጠብቅ ሰውዬ አቀማመጥ ብቻ ነበረኝ።

ከማይቀሩት እንግዶች አንዷ እትዬ ዘነበች ነበሩ። ከእኛ አጥር ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ፈትል ፈትለው የሚተዳደሩ ሴትዮ ናቸው። ባዘቶና እንዝርታቸውን ይዘው ይመጡና በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸው ፊልሙ ላይ፣ እጃቸው ጥጡ ላይ ሆኖ ያመሻሉ። አንድ ልጃቸው ሽመልስ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ዘምቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ ይመጣላቸውና እኔ አነብላቸው ነበር፤ ከዚያ መምጣቱን አቆመ። ስለ እሱ ማንም አይጠይቃቸውም፣ እሳቸውም አያነሱም።

እና አንድ ክረምት፣ አባባ ከካርቶኑ ስር አንድ ካሴት አወጣ። ተማሪ ሳለ አንዴ ብቻ ያየው፣ እስከዚያ ቀን በልቡ የኖረ ፊልም እንደሆነ ሲነግረን ዓይኑ ያበራ ነበር። ወንዝ ዳር የምትኖር እናት ናት፤ በጀልባ ሰው እያሻገረች አንድ ልጇን ታሳድጋለች። ልጁ ያድግና ጦርነት ይሄዳል። እሷ መቅዘፏን ትቀጥላለች፤ የምታሻግረውን ወታደር ሁሉ ስለ ልጇ ትጠይቃለች። እውነት ለመናገር ከፖም ዛፉ ይሻል ነበር፤ ጋሽ ወርቁ እንኳ አላዛጉም።

ወደ መጨረሻው ገደማ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው በዳገቱ ወደ ወንዙ ሲወርድ ታየ። እጁ ላይ ኮፍያ ይዟል። አባባ እዚህ ላይ ድምፁ ጠፋ። ፊልሙን ሲያስታውስ ወንዙን ነው ያስታወሰው፣ ጀልባዋን፣ የሴትዮዋን ክንድ ነው፤ በሩ አጠገብ ማን እንደተቀመጠ ያኔ ነው ትዝ ያለው። ሰውየው አንዲት አጭር ነገር ተናገረ። ሴትዮዋ ኮፍያውን ተቀበለች። የእትዬ ዘነበች እንዝርት ቆመ።

«ምን አላት?» አሉ እትዬ ዘነበች።

አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። «እ... ‹እማማ፣ ልጅዎ ደህና ነው› አላት። አዲስ ኮፍያ ስለተሰጠው አሮጌውን ቀድሞ ልኮልዎታል፤ ለአዝመራ ይመጣል አላት።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ሴትዮዋ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጣ ኮፍያውን ፊቷ ላይ አድርጋ ትንሰቀሰቃለች።

«ታዲያ ለምን ታለቅሳለች?»

አባባ ወደ እማዬ ዞረ። እማዬ መሬት መሬቱን ታያለች። ያን ጊዜ ጋሽ ወርቁ ተመቻችተው ተቀመጡና፣ «ሰው ከደስታም ያለቅሳል እኮ፣ ዘነበች። እኔ ጡረታ የወጣሁ ለት መኪናዋን አቅፌ አላለቀስኩም?» አሉ። እትዬ ዘነበች ትንሽ አሰቡና፣ «አልቅሰሃል» አሉ። እንዝርቱም እንደገና መሽከርከር ጀመረ።

በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ ዘነበች ገና ሳይቀመጡ፣ «ያችን ባለጀልባዋን አድርግልኝ» አሉት። በሚቀጥለውም እንደዚያው። ክረምቱን ሙሉ ያንን ፊልም አየን። ላይኛው መንደር አንድ ነጋዴ ዴክ ገዝቶ የህንድ ፊልም ማሳየት ጀምሮ ነበርና፣ ሳቁና ዘፈኑ በዝናቡ መሃል እየሾለከ ይደርሰናል፤ እኔ እዚህ የማንንም ወንዝ ስሻገር እገኛለሁ። አንድ ቀን በንዴት አልቅሻለሁ፤ ማንም ግን ለእኔ አልተረጎመልኝም። ቀስ በቀስ የቀረነው እኛ፣ ጋሽ ወርቁና እትዬ ዘነበች ብቻ ሆንን።

አባባም ውሸቱን ማስታወስ አቃተው። አንዴ ልጁን ለአዝመራ ያመጣዋል፣ አንዴ ለመስቀል፤ አንዴማ ሹመት ሰጠው። እትዬ ዘነበች እያንዳንዷን ይይዙ ነበር። «ባለፈው ለአዝመራ ይመጣል ብለህ አልነበር?» ሲሉት፣ «ሥራ በዝቶበት ነው፣ እትዬ» ይላል፣ ግንባሩ አልቦት። ካሴቱን ሊገላገለው ብሎ «ዴኩ በላው» ብሎ ደበቀው። እሳቸው ቅር ሳይላቸው መጥተው፣ የጠፋውን ቴሌቪዥን ፊት ለፊት እያዩ ፈትላቸውን ፈትለው ሄዱ። በማግስቱ ካሴቱ «ተጠገነ»።

እማዬ ያን ሰሞን ከአባባ ጋር በቅጡ አትነጋገርም ነበር። ማድ ቤት ሆና ስትናገረው ሰምቻለሁ። «ነገ መርዶ ቢመጣ ምን ልትላት ነው? በጨዋታ ተስፋ ይሰጣል ሰው?»

«ነገ ከመጣ ነገ አብረን እናለቅሳለን» አላት። «እስከዚያ ድረስ ግን የምተረጉመው እኔ ነኝ።»

መርዶም ሳይመጣ፣ ልጁም ሳይመጣ ጊዜው ሄደ። ደርግ ሲወድቅ ከሰሜን የተበተነው ወታደር በኮተቤ በኩል በእግሩ ወደ ከተማ ይጎርፍ ጀመር፤ ባዶ እግሩን፣ ከንፈሩ የደረቀ፣ ፊቱ ላይ ዓይን ብቻ የቀረለት ወጣት ሁሉ። እትዬ ዘነበች ወጥተው መንገድ ዳር ቆሙ። አባባም ብቻቸውን ሊተዋቸው ስላልሆነለት አብሯቸው ቆሞ ዋለ። ማታ ሲገባ እራቱን አልነካም። ከአላፊው ወታደር ብዙው ኮፍያ አልነበረውም፤ እትዬ ዘነበች ያንን አይተው ክንዱን ያዝ አድርገው፣ «አየህ፣ ሁሉም ኮፍያቸውን ቀድመው ልከዋል ማለት ነው» አሉት። ይህንን ለእማዬ ሲነግራት ነው አባባ ሲያለቅስ መጀመሪያ ያየሁት። እማዬ ከዚያ በኋላ ስለ ትርጉሙ አንድም ቃል አልወጣትም።

ሽመልስ የመጣው መስከረም ከጠባ በኋላ፣ ማንም ሳይጠብቀው ነው። ቦኖ ውሃ ልቀዳ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ አንድ በዱላ የሚራመድ ከሲታ ሰው፣ «እማዬ አለች?» ብሎ ሲጠይቀኝ የማን እናት እንደሆነች እንኳ አልገባኝም። ከእኔ ፊት የቆሙት እትዬ ዘነበች ግን በድምፁ ዞሩ። እንስራቸውን አስቀመጡ፤ ሄደው ትከሻውን በጡጫ መምታት ጀመሩ። «እስካሁን የት ነበርክ? የት ነበርክ አንተ?» ይሉታል፣ ልክ አምሽቶ እንደገባ ልጅ። እሱ ዱላውን ለቆ እስኪያቅፋቸው ድረስ አላቆሙም። ሰልፉ ሁሉ አለቀሰ፤ ተራ ግን ማንም አልለቀቀም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እጁን ይዘው እኛ ቤት አመጡት። «ባለጀልባዋን አድርግለት» አሉ። አባባ ተሳቀቀ፣ «ሌላ ፊልም አለ» አለ፣ «ካራቴ ተውሼ ላምጣ» እስከ ማለት ደረሰ፤ እምቢ አሉ። ሽመልስ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ አየው። ያ ሰው ኮፍያውን ይዞ ዳገቱን ሲወርድ አባባ በቀጭን ድምፅ ጀመረ። «‹እማማ፣ ልጅዎ ደህና ነው› አላት። ኮፍያውን...»

«ጋሼ» አለ ሽመልስ፣ በጣም ቀስ ብሎ። «ይሄ ሰውዬ እኮ መርዶ ነው የያዘው።»

እትዬ ዘነበች ዞር ብለው ገላመጡት። «ዝም በል! አንተ መስኮብኛ ታውቃለህ?» ከዚያ ወደ አባባ ተመልሰው፣ «ቀጥል፣ ልጄ» አሉት።

አባባ ሊቀጥል አፉን ከፈተ፤ አልሆነለትም። እጁን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳርፎ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሴትዮዋ ኮፍያውን ይዛ ጀልባዋ ውስጥ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ከመስኮብኛ አንዲት ፊደል የማያውቁት ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ለአዝመራ ይመጣል አላት። መንገዱ ስለተበላሸ ነው የቆየው አላት። ምሳ ሠርተው ይጠብቁት አላት» እያሉ እስከ መጨረሻው ተረጎሙት።

እትዬ ዘነበች ነገሩን ከመጀመሪያው ያውቁት እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ አሁን የሚጠየቁም አይደሉም። አባባ፣ እማዬ፣ ጋሽ ወርቁም የሉም። ቤታችን ለመንገድ ማስፋፊያ ፈርሷል። ከዚያ ክፍል የቀረነው እኔና ሽመልስ ብቻ ነን፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ክፍያ ተማርረን እንለያያለን። የፊልሙን ስም አላውቀውም። አባባ ነግሮን ይሆናል፤ እኔ ግን ያኔ ጆሮዬ ላይኛው መንደር ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፊልም አይቻለሁ፣ ብዙውም ጥሩ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ እንደዚያ የሚያበሽቀኝ ሰው ግን አላገኘሁም።