የእትዬ አዲስ ራውተርና ወንድሟ ሽቦው

ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም፤ ከተሳሳትኩ እለፉኝ። ሽቦውን ያወቅኩት የእህቱ ተከራይ ሆኜ ነው። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሱ ማዶ ባለችው ጠባብ ሱቁ ስልክና ኢንተርኔት ይጠግናል። «ሽቦው» ያሰኘው ሥራው ብቻ አይደለም፣ ቅጥነቱም አለበት። ይሄን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ነው።

አንድ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ እህቱ ቤት የተደገፈ ቢጫ መሰላል አየ። ሰፈሩ ውስጥ ቢጫ መሰላል ያላት አንድ ሰው ናት፤ ባለፈው ወር ጥጉ ላይ ሱቅ የከፈተችው ቴክኒሺያን። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወደሷ ሲሄዱ ጥርሱን ነክሶ ችሏል። አሁን ግን የገዛ እህቱ! አንጀቱ ቅጥል አለ።

«የኔ እጅ ምን ሆነባት?» አለ ለብቻው።

የሱቁን መስታወት ይወለውል ጀመር፤ መስታወቱ ንጹሕ ነበር። እየወጣ ያያል፣ መሰላሉ አልተነሳም። «አልሆነላትም!» ብሎ ደስ ሲለው ስልኩ ጮኸ።

«አንተ፣ ና እስኪ» አለች እህቱ።

«ሰው አለሽ አይደል እንዴ፣ እትዬ?»

«አትነጫነጭብኝ፣ ና!»

እየተንጠባረረ ገባ። የአዲሱ ራውተር መብራት ብልጭ ይልና ይጠፋል። ቴክኒሺያኗን ላብ አጥምቋታል።

«ጋሼ፣ ራውተሩን ሱቄ ወስጄ ሞከርኩት፣ ይሠራል። ኬብሉ የሚገባበትን የግድግዳ ሳጥን ልክፈት ስል እትዬ ‹ወንድሜ ይቆጣል› አሉኝ።»

«እቆጣለኋ! ኬብሉን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፣ ስምንት ዓመት ሠርቷል። እስኪ አሮጌውን መልሺው።»

መለሰችው፤ ሠራ።

«አየሽ እትዬ? የማይረባ ዕቃ አስመርጣሽ ነው!»

እህቱ ልጅቷን በጥርጣሬ አየቻት። እሱ ልቡ ቅቤ ጠጣ። እየተኩራራ ሳጥኑን ከፈተና ክው አለ።

ኬብሉ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ አለ። ያኔ ሁለተኛ ኬብል መሳቡ ታክቶት፣ አራቱን ለኢንተርኔት፣ አራቱን ለቤት ስልክ አካፍሎ ነበር። ለአሮጌው ራውተር አራት ይበቃዋል፤ አዲሱ ፈጣን ነው፣ ስምንቱንም ይፈልጋል።

ዝም ብሎ ቢከድነው ማን ያውቃል? ልጅቷ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ቆይ፣ አትሂጂ» አለ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ግማሹን ሽቦ ለቤት ስልኩ ሰጥቼዋለሁ። እሷ ምንም አላጠፋችም።»

«በል ቀጥለዋ! የቤት ስልኩን እንደሆነ ማንም አያነሳውም» አለች እህቱ። «ደግሞ እጅህን ጠልቼ እንዳይመስልህ። ለአንድ ገመድ ግማሽ ቀን ስለምትቆጣኝ ነው ያልጠራሁህ።»

ልጅቷ ፒንሳዋን አቀበለችው፤ ስምንቱንም አሰራቸው። መብራቱ በራ፣ አልጠፋም።

ቅናቱ ግን ለቀቀው እንዳትሉ። «ፒንሳዋ ከኔው ይሻላል» ይለኛል እስከ ዛሬ፣ እየተንገበገበ።

እባካችሁ ሂዱና ጠይቁት፤ ጨዋታ ይወዳል። ብቻ ጥጉ ላይ ወዳለችው ሱቅ የምትሄዱ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱ ጋ ግቡ። በመስታወቱ ያያችኋል።