ለጊዜው የቆመው የሣር መኪና

ባለፈው ሐምሌ የታናሽ እህቴን የአስቴርን ልጅ ምረቃ ለማክበር ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ተሰብስበን ሳለ፣ አንድ ሰውዬ ላዩ ላይ ተቀምጦ የሚነዳው የሣር ማጨጃ መኪና እየተንኳኳ ከጠረጴዛችን አጠገብ ደረሰና ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ቀጥ አለ። የተቆረጠ ሣርና በደንብ ያልተቃጠለ ቤንዚን ሽታ አብሮት መጣ። ሰውዬው ከመቀመጫው ወርዶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና፣ «ለጊዜው ነው እማማ፣ አሁን ይነሳል» አለኝ። አስቴር ዓይኗን ጨፍና አየሩን በረጅሙ ሳበችና ይሄ እኮ የልጅነታችን ሽታ ነው አለች፤ ፊቷ ሁሉ ይስቃል። እኔ የያዝኩትን ሹካ አስቀመጥኩ። እማማ መባሉንስ ለምጄዋለሁ፤ ያናደደኝ «ለጊዜው» የሚለው ነው።

አባቴ በደርግ ጊዜ ከወላይታ ገጠር ነቅሎ ሀዋሳ ያመጣን ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት እንግዳ ማረፊያ በአትክልተኛነት ስለ ተቀጠረ ነበር። ቦታው ከመወረሱ በፊት የፈረንጆች ስለ ነበር የሣሩ መስክ ኳስ ሜዳ ያህላል፤ ትተውት የሄዱት ቀይ የሣር ማጨጃ መኪናም ከግቢው ጋር አብሮ ተወርሷል። የመቀመጫው ቆዳ ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል፣ ባትሪው ከሞተ ሰንብቷል፤ አባቴ ሞተሩ ላይ ገመድ ጠምጥሞ ባለ በሌለ ኃይሉ እየጎተተ ነበር የሚያስነሳው። የተነሳ እንደሆነ ዋርካው ላይ ያሉት ጉሬዛዎች ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ይሸሻሉ፣ የሠራተኛ ልጆች ከኋላው እንሮጣለን፣ አባቴም ጀርባው ቀጥ ይልና በሌላ ጊዜ የማናውቀው ሰው ይሆናል። ያን ደስታ አልክድም። የሚያናድደኝ ደስታውን ሳላጣጥመው ሞተሩ መጥፋቱ ነው።

ሰኞ ሰኞ ነበር የሚያመው። ጥቂት ሄዶ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ይንተፋተፋል፣ ይቆማል። አባቴ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቶ በአሸዋ ወረቀት ይፈትጋል፣ የነዳጁን ቱቦ በአፉ ይነፋል፣ መዳፉ እስኪላጥ ገመዱን ይጎትታል። ረቡዕ ግድም ይሻለዋል፤ ቅዳሜ ደህና ሆኖ ይውልና ሰኞ ያው ነው። ዘበኛው ቡዳ በልቶታል ይል ነበር። ልብስ አጣቢዋ ፈረንጆቹ ረግመውት ነው የሄዱት ባይ ናት። ማታ ማታ ከሐይቁ ወጥተው ሣሩን የሚግጡት ጉማሬዎች ይሻላሉ፣ እነሱ ገመድ አያስጎትቱም እያሉም በአባቴ ይቀልዱበታል። ጓድ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መኪናውን አንድ ጊዜ ይዞረዋል፤ ከዚያ ለጊዜው ነው ብሎ ይሄዳል። አባቴ መልሶ ገመዱን ይጠመጥማል። በዚያ ግቢ ብዙ መናገር ደግ አልነበረም፤ በስብሰባ ላይ ስለ ስኳር መጉደል የጠየቀ አንድ አስተናጋጅ አሻጥረኛ ተብሎ ተወስዶ በዚያው ቀርቷል።

መስከረም ሲመጣ ነገሩ ሁሉ በአንድ ላይ ይወድቅብናል። ክረምቱን ሲጠጣ የከረመው ሣር ጉልበት ይደርሳል፤ ከአብዮት በዓል በኋላ ሊያርፉ የሚመጡ ባለሥልጣናት ይጠበቃሉ፤ ትምህርት ቤት የሚመዘግበውም ያን ሰሞን ነው። ከረቡዕ በኋላ ብቻ የሚሠራ መኪና ለዚያ ሁሉ ሣር አይበቃም፤ ሰኞ ሲቆም በሠራተኛው መኖሪያ ያለ ማጭድ መያዝ የሚችል ሁሉ ይውጣ ይባላል። ስሙ ዘመቻ ነው። ያልወጣ የሚኖርባትን ክፍል ይለቃል። ከሐይቁ ዳር ጀምረን በሩ ጋ ስንደርስ መጀመሪያ ያጨድነው መልሶ ያድጋል፤ ሳምንቱ እንዲህ ሲዞር ምዝገባው ያልፋል።

የመጀመሪያው መስከረም ላይ አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ ሰማያዊ ዩኒፎርም አሰፍታልኝ ነበር፣ ጠርዙን ሰፋ አድርጋ አጥፋ፣ ሳድግ እንዲለቀቅ። ያኔ ለመመዝገብ ልጁ ራሱ መቅረብ ነበረበት፤ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ የወዲያኛውን ጆሮ መንካቱን መምህሩ ሊያይ። እኔ ጆሮዬን አልፌ አንገቴን እነካ ነበር፤ ማታ ማታ እየነካሁ ለእናቴ አሳያታለሁ፣ የሚያየኝ መምህር ግን አላገኘሁም። ሣሩ አልቆ ስንሄድ ክፍሉ ሞልቷል ተባልን። አባቴ ያን ቃል ከጓድ ሥራ አስኪያጁ አፍ ወስዶ ለጊዜው ነው ልጄ አለኝ። በሁለተኛው መስከረም እናቴ የዩኒፎርሙን ጠርዝ ለቀቀችው፤ እንደገና ለጊዜው ሆነ። በሦስተኛው የሚለቀቅ ጠርዝ አልቀረም። እናቴ መቀስ አንስታ ለአስቴር ልክ ቆረጠችው። አስቴር ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ማጭድ ለመያዝ አልደረሰችም፤ ጎረቤት ይዛት ሄዳ አስመዘገበቻት። በነጋታው እኔ ጎንበስ ብዬ ሳጭድ፣ አንድ ቀን እንኳ ያልለበስኩት ዩኒፎርሜ በአጠገቤ አልፎ በበሩ ሲወጣ አየሁ። እጇን አወዛወዘችልኝ። ልጅ ናት፣ ምን አጠፋች። እኔ ግን ማጭዱን መሬት ላይ ሰክቼ ቀና ስል አባቴን አየሁት፤ ያየሁትን አይቷል፣ ከዚያ ተመልሶ በማይነሳው ሞተር ላይ ጎነበሰ።

በዓመቱ ነሐሴ ላይ ጓድ ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ዕቃውን በነጭ ቮልሱ ጭኖ ቅዳሜ ሄደ። ሰኞ አባቴ ገመዱን አንድ ጊዜ ቢጎትተው መኪናው ተነሳ። በሚቀጥለውም ሰኞ ተነሳ። መስከረሙን ሙሉ እንደ ንብ እየጮኸ ሲያጭድ ከረመ፤ በስብሰባ ላይ በሠራተኛው ጥረት ተጠገነ ተብሎ ተጨበጨበ። ማጭድ የያዘ ስላልተፈለገ እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ አንደኛ ክፍል ገባሁ። መምህሩ ጆሮሽን ንኪ አላለኝም፤ ሳቀ፣ ክፍሉም ሳቀ። አስቴር ሁለተኛ ክፍል ነበረች።

ከትምህርት ቤት መልስ አባቴን መጋዘኑ በር ላይ ጭቃ ከመኪናው ሥር ሲጠርግ አገኘሁትና ምን ሆኖ ዳነ ብዬ ጠየቅሁት። ሥራ አስኪያጁ ከሄደ ወር አልፎት እንኳ ግራ ቀኙን አይቶ ነው የነገረኝ። ቤንዚን ያኔ በኩፖን ተለክቶ ነበር የሚሰጠው። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ሲበተን ሰውየው ቮልሱን ወደ መጋዘኑ ያስጠጋል፣ የሣር መኪናውን ቤንዚን በጎማ ቱቦ ስቦ ይወስዳል፣ የጎደለው እንዳይታወቅ ላምባ ይሞላበታል። ረቡዕ አዲሱ ነዳጅ ሲቀዳበት ነበር የሚሻለው። አባቴ ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ የላምባው ሽታ ነግሮት ያውቅ ነበር። እያወቀ ካንዴላ ይፈትግ ነበር። ሦስት መስከረም እያወቀ ለጊዜው ነው ይለኝ ነበር።

ለምን አልተናገርክም አልኩት። ጭቃውን ከእጁ ላይ ልጦ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺ የቀረብሽ ትምህርት ነው። ተናግሬ ቢሆን የሚቀርብሽ አባት ነበር» አለ።

ልክ ነበር። የስኳሩ አስተናጋጅም ልጆች ነበሩት። አባቴ ልክ መሆኑን ያኔም አውቄዋለሁ፤ ያም አላበረደኝም፣ እንዲያውም የምናደድበትን መብት የወሰደብኝ መስሎኝ ባሰብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ አስፈላጊ ነገር አላነጋገርኩትም። መጽሐፍ ይዤ ጥግ መቀመጥ ያኔ ለመድኩ፤ ቀና እንዳልል። ዛሬ ለጡረታ የተቃረብኩ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ መጽሐፍ ለጊዜው ስጪኝ የሚለኝን ሰው የምትመልስበትን ቀን ቁረጥ እለዋለሁ። የማይመለሰውን ጊዜ ማን እንደሚወስደው አውቃለሁ። ቮልስ ይነዳል፤ ማንም አልጠየቀውም።

ሆቴሉ ውስጥ አስቴር ለልጇ ስለ አያቷ ታወራ ነበር፤ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በዋርካው ዙሪያ እንዴት እንደነዳት፣ መሪውን እንዴት እንዳስያዛት፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ጥርሷ እንዴት ይንገጫገጭ እንደነበር። ለአፏ ለከት የላትም፤ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እትዬ አንቺም ንገሪያት እንጂ አለችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የመጣልኝ የጎነበሰ ጀርባው ብቻ ነው። እሷ አባቴን የምታስታውሰው ከመቀመጫው ላይ ሆና ነው፤ እኔ ሣሩ ውስጥ ሆኜ።

ከወዲያ ሰውዬው ሞተሩን አስነስቶ እየሳቀ እጁን አወዛወዘልኝ፤ እንዳለውም ለጊዜው ነበር። አባቴ ግን አንድ ነገር ተሳስቷል። ትምህርቱን ዘግይቼም ቢሆን አግኝቼዋለሁ። የቀረብኝ እሱ ነው።